በግል ለሚሠሩ አውሮፕላኖች የሞተር ሽፋን አነዳደፍና የማቀዝቀዣ ጉተታን የመቀነስ ዘዴ

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የተገጠመለት አነስተኛ አውሮፕላን በበረራ ላይ ሳለ ከፊቱ ከሚያገኘው አየር ከፊሉን ወደ ሞተር ክፍሉ ያስገባል፣ በሲሊንደሮቹ ፊኖች (ሙቀት በሚያስወጡት ስስ የብረት ክንፎች) መካከል ያሳልፈዋል፣ ከዚያም ሙቀቱን እንደያዘ ወደ ውጭ ይለቀዋል። አየሩ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ፍጥነቱን ያጣል፤ የጠፋው ፍጥነት በአውሮፕላኑ ላይ ወደ ኋላ የሚስብ ኃይል ሆኖ ይመጣል፤ ይህም የማቀዝቀዣ ጉተታ ይባላል። በሚገባ ባልታሰበበት የሞተር ሽፋን ይህ ጉተታ አውሮፕላኑ ከሚገጥመው አጠቃላይ የአየር ተቃውሞ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ሊይዝ ስለሚችል፣ ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ወራት የሚያሳልፍ ሠሪ ለሞተር ሽፋኑም የዚያኑ ያህል ሊያስብ ይገባል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው እንደ ላይካሚንግ ኦ-320 እና ኦ-360 ወይም እንደ ኮንቲኔንታል ኦ-200 ያሉ፣ ሲሊንደሮቻቸው ግራና ቀኝ የተዘረጉና ፕሮፔለራቸው ከፊት የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮችን ነው። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው። ሞተሩን የሚያቀዝቅዘው በሲሊንደሮቹ በላይና በታች ያለው የግፊት ልዩነት ነው፤ ጉተታውን በአብዛኛው የሚወስነው ደግሞ አየሩ የሚወጣበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ ሥራው በቅደም ተከተል መጀመሪያ ማሸግ፣ ቀጥሎ መውጫውን ማስተካከል፣ በመጨረሻም መግቢያውን መንካት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ብዙ ሠሪዎች የሚጀምሩት መግቢያውን በማስፋት ነው፤ ይህ ቅደም ተከተሉን ከመገልበጡም በላይ፣ የተቆረጠን ሽፋን መመለስ ከባድ ነው።

ሞተርን መሸፈንና ማቀዝቀዝ የማይጋጩ መሆናቸው የታወቀው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። በ1928 በአሜሪካ የላንግሊ ቤተ ሙከራ በፍሬድ ዊክ የሚመራው የናካ (የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሮናቲክስ አማካሪ ኮሚቴ) ቡድን ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩበትን ሞተር ሙሉ በሙሉ በሚሸፍንና የአየሩን መንገድ በሚቆጣጠር ሽፋን ሙከራ አድርጎ፣ ከርቲስ ኤቲ-5ኤ የተባለው አውሮፕላን ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት ከ190 ወደ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ እንዲል አስችሏል፤ ለዚህም ሥራ ናካ በአሜሪካ ለአቪዬሽን እድገት የሚሰጠውን የ1929 የኮሊየር ሽልማት አግኝቷል። ብሪታንያዊው ሜሬዲት በ1930ዎቹ አጋማሽ አንድ እርምጃ ወደፊት በመሄድ፣ ሙቀት የተቀበለ አየር በትክክለኛ ቱቦ ወደ ኋላ ቢለቀቅ ከጉተታው ከፊሉን በግፊያ መልክ ሊመልስ እንደሚችል አሳየ። በትንሽ የግል አውሮፕላን ከዚህ የተጣራ ግፊያ መጠበቅ አይገባም፤ ኪሳራውን መቀነስ ግን በእርግጥ ይቻላል።

የግፊቱ ሒሳብ

በተለመደው አሠራር አየሩ በፕሮፔለሩ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት መግቢያዎች ገብቶ ከሲሊንደሮቹ በላይ ባለው ክፍል ይጠራቀማል፣ ፍጥነቱ ቀንሶ ወደ ግፊት ይለወጣል፣ ከዚያም በፊኖቹ መካከል ወደ ታችኛው ክፍል ወርዶ በሽፋኑ ግርጌ ይወጣል። እነዚህን መሰል ሞተሮች በሙሉ ጉልበት ለማቀዝቀዝ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ የሚሆን (ማለትም ያን ያህል ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ የሚያሳድረውን ያህል) የግፊት ልዩነት ያስፈልጋል፤ ለያንዳንዱ ሞተር ትክክለኛው መጠን በአምራቹ የማቀዝቀዣ ሰንጠረዥ ይገኛል።

ይህን መጠን አየሩ ራሱ ሊሰጥ ከሚችለው ጋር ማነጻጸር ብዙ ነገር ይገልጣል። በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ኖት (በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚበር አውሮፕላን ከፊቱ ያለውን አየር ሙሉ በሙሉ ቢያስቆመው የሚያገኘው ግፊት 16.5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ያህል ነው። በ70 ኖት ግን 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በ160 ኖት ደግሞ 42 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ እንደምናየው ሞተሩ ሙሉ ጉልበት እያወጣ አውሮፕላኑ ዝግ ብሎ ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ያለው ግፊት በጣም ትንሽ ነው፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየርና በመውጫው በኩል የሚፈጠረው መሳብ ጥቂት ቢያግዙም፣ በግድየለሽነት ልናፈሰው የምንችለው ትርፍ የለም። በፈጣኑ የጉዞ በረራ ደግሞ በተቃራኒው ከሚፈለገው በላይ ግፊት ስላለ፣ ችግሩ ሙቀቱ ሳይሆን ሳያስፈልግ የሚገባው አየር የሚያስከትለው ጉተታ ነው። ሽፋኑ ለእነዚህ ሁለት የማይመሳሰሉ ሁኔታዎች መሠራት አለበት።

በቅድሚያ ማሸግ

አየር ውሃ እንደሚያደርገው ሁሉ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በፊኖቹ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ስለሆነ፣ በላይኛው ክፍል ዙሪያ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አየሩ ሲሊንደሮቹን ትቶ በዚያ ይወርዳል። እንዲህ ያለው አየር ምንም ሙቀት ሳይወስድ ጉተታውን ብቻ ይጨምራል፣ የላይኛውንም ግፊት ይቀንሳል።

ባፍል የሚባሉት የአየር መከለያዎች ብዙውን ጊዜ ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የአልሙኒየም ላሜራ ይሠራሉ። ላሜራው ከሽፋኑ ጋር ፈጽሞ መነካካት የለበትም፤ ሞተሩ በጎማ መቀመጫው ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ሽፋኑን ይበላዋል። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሚዘጋው በላሜራው ጠርዝ በሪቬት የሚያያዝ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ጎማ ነው። ጎማው ከፍተኛ ግፊት ወዳለበት ወገን፣ ማለትም ወደ ላይኛው ክፍል ውስጥ ማጋደል አለበት፤ እንዲህ ሲሆን ግፊቱ ራሱ ጎማውን ከሽፋኑ ጋር ያጣብቀዋል። ወደ ውጭ ያጋደለ ጎማ ግን መሬት ላይ ፍጹም መስሎ ቢታይም በአየር ላይ ተገልብጦ ይከፈታል።

ማሸጊያውን ለመፈተሽ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው። ሃንጋሩ ሲጨልም ሽፋኑን ግጠሙ፣ ብርቱ መብራት በታችኛው ክፍል አስገቡ፣ ከዚያም በመግቢያዎቹ በኩል ወደ ላይኛው ክፍል ተመልከቱ። ከፊኖቹ መካከል የሚመጣው ብርሃን ተገቢ ነው፤ በላሜራዎቹ መገናኛ፣ በሲሊንደሮቹና በሞተሩ አካል መጋጠሚያ፣ በማዕዘኖች ላይ የሚታየው እያንዳንዱ የብርሃን ክር ግን የሚደፈን ቀዳዳ ነው። ትናንሾቹ በቀይ ሙቀት ቻይ ሲሊኮን ይሞላሉ፣ ሰፋ ያሉት በትንሽ ላሜራ ይሸፈናሉ። ከጥቂት ሰዓት በረራ በኋላ ሽፋኑን አንሥታችሁ የውስጥ ገጹን እዩ። ጎማው በትክክል የሚያርፍበት ቦታ ያልተቋረጠ ጥቁር መስመር ይተዋል፤ መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ አየር የሚያመልጥበት ነው።

በሲሊንደሮቹ መካከልና በታች የሚገቡትን መከለያዎች በተለይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ በሞተር ክፍሉ ውስጥ የማይታዩ ስለሆኑ ይረሳሉ። ከላይ የሚወርደው አየር የሲሊንደሩን ጎን ተከትሎ እስከ ሥሩ እንዲጠመጠም የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። ከሌሉ ወይም ላልተው ከሆነ አየሩ ከሲሊንደሩ ላይ ተላቅቆ በቀጥታ ይወርድና የታችኛው ግማሽ ሳይቀዘቅዝ ይቀራል።

በተቃራኒው ደግሞ ማሸግ የሚጎዳበት አንድ ቦታ አለ። በላይካሚንግ ኦ-320 እና ኦ-360 ሞተሮች ላይ የያንዳንዱ ሲሊንደር ቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) አንደኛው ወገን ፊኖቹ አጫጭር ናቸው። ይህ ወገን በግራ የፊተኛው በሆነው በ2ኛው ሲሊንደር ላይ ወደ ፊት፣ በቀኝ የኋለኛው በሆነው በ3ኛው ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ሁለቱም ላሜራ በቀጥታ የሚለጠፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ላሜራው ከፊኖቹ ጫፍ ጋር ተጣብቆ ከታሰረ አየር የሚወርድበት መንገድ ስለማይኖር ሲሊንደሩ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። መፍትሔው ላሜራውን በሮንዴላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ማራቅ ወይም በዚያ ቦታ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ትንሽ ሰርጥ መሥራት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ቀዝቅዘው 3ኛው ብቻ እየሞቀ ያስቸገረው ሠሪ መግቢያውን ከማስፋቱ በፊት ይህን ቢመለከት አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ያገኛል።

የአየሩ መውጫ

መውጫው ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ክፍል ነው፤ ብዙ ሽፋኖች ላይ ግን ከታች የተተወ ክፍት ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የጉተታውን መጠን በምሳሌ እንየው። አውሮፕላኑ በሴኮንድ 82 ሜትር፣ ማለትም በ160 ኖት እየበረረ በሴኮንድ 0.8 ኪሎ ግራም አየር ወደ ውስጥ ያስገባ እንበል። አየሩ በሴኮንድ 30 ሜትር ፍጥነት ብቻ ይዞ ቢወጣ በያንዳንዱ ሴኮንድ የጠፋው ፍጥነት ወደ 42 ኒውተን ጉተታ ይፈጥራል፤ የፕሮፔለሩን ብክነት ጨምረን ስናስበው ከሞተሩ ወደ 6 የፈረስ ጉልበት ይወስዳል። ያው አየር በሴኮንድ 65 ሜትር ቢወጣ ግን ጉተታው ወደ 14 ኒውተን፣ የሚወስደውም ከ2 የፈረስ ጉልበት በታች ይሆናል። ሁለቱ ሽፋኖች ሞተሩን እኩል ያቀዘቅዛሉ፤ ልዩነታቸው መውጫው ላይ ብቻ ነው።

አየሩን በፍጥነት ለማስወጣት መጀመሪያ አቅጣጫው ወደ ኋላ፣ ከአውሮፕላኑ ሆድ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ወደ ታች የሚተፋ አየር የራሱን ፍጥነት ከማባከኑም በላይ በሆዱ ሥር ለስላሳ የነበረውን የአየር ፍሰት ይረብሻል። ቀጥሎ ክፍሉ ወደ መውጫው ሲቃረብ ቀስ በቀስ እየጠበበ መሄድ አለበት፤ አየሩ ፍጥነቱን የሚያገኘው በዚህ መጥበብ ውስጥ ነው። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ የእሳት መከላከያው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ወርዶ በሹል ጠርዝ ስለሚያልቅ፣ ከሞተሩ ሥር ወደ ኋላ የሚመጣው አየር በዚያ ጠርዝ ላይ ይላቀቅና የመውጫውን ከፊል በሽክርክሪት ይሞላዋል። ከግድግዳው ግርጌ ላይ ከማይዝግ ላሜራ የተሠራ፣ ራዲየሱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክብ መታጠፊያ ቢገጠም አየሩ ገጹን ተከትሎ ይዞራል። ክብደቱ ጥቂት ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ፤ ከዚህ ሥራ የሚገኘውን ጥቅም የሚያህል ሌላ ማሻሻያ ማግኘት ይከብዳል።

የማርሚታው ቱቦዎች፣ የዘይት ቱቦዎችና ሽቦዎች በመውጫው ውስጥ ተጋድመው እንዳያልፉ መንገዳቸውን ከመጀመሪያው አስቡበት። የጭስ ቱቦው ጫፍ ወደ ኋላ ተዘንብሎ በመውጫው መካከል ቢያልፍ የሚወጣው ጭስ አየሩን እየጎተተ ያግዘዋል፤ ይህ እገዛ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አውሮፕላኑ ዝግ ብሎ በሚወጣበት ጊዜ ነው።

ከዚህ በላይ በሰጠሁት ምሳሌ፣ የሞቀውን አየር በሴኮንድ 65 ሜትር ለማስወጣት የሚበቃው የመውጫ ስፋት 155 ሳንቲ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ግን የሚፈለገው አየር ይጨምራል፣ ያለው ግፊት ደግሞ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቢያንስ የዚህ እጥፍ ያስፈልጋል። አንድ ቋሚ ቀዳዳ ሁለቱን ሊያሟላ አይችልም። ፍጥነት የሚፈልግ ሠሪ ከአብራሪው መቀመጫ የሚከፈትና የሚዘጋ ተንቀሳቃሽ መውጫ ቢሠራ ይመከራል፤ ሲከፈት በኋላው መሳብን ስለሚፈጥር ከስፋቱም በላይ ይረዳል። አውሮፕላኑ ከ120 ኖት በታች የሚበር ከሆነ ግን የሚገኘው ጥቅም ተጨማሪውን ክብደትና መሣሪያ አይመልስም፤ በደንብ የተቀረጸ ቋሚ መውጫ ይበቃዋል።

መግቢያው

ስፋቱን ለመገመት የሚያስፈልገው የአየር መጠንና ፍጥነት ብቻ ነው። በ100 ኖት ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ በሴኮንድ 1 ኪሎ ግራም አየር የሚፈልግ ሞተር ይኑረን፤ አየሩ በመግቢያው ሲያልፍ ፍጥነቱ የአውሮፕላኑ ግማሽ እንዲሆን ብንፈቅድ የሁለቱ መግቢያዎች ድምር 325 ሳንቲ ሜትር ካሬ ያህል ይሆናል፤ ክብ ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ወደ 14.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖራቸዋል። ይኸው መግቢያ በጉዞ በረራ ላይ የአየሩን ፍጥነት ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ ቀሪው አየር ከመግቢያው ፊት ተከፍሎ በውጭ በኩል ያልፋል። ይህ የሚጎዳ ነገር አይደለም፤ የውጩ ከንፈር በሚገባ ከተጠጋጋ አየሩ ሳይላቀቅ ገጹን ተከትሎ ይሄዳል። ስለታም ከንፈር ግን በውጭም በውስጥም ይጎዳል፤ አፍንጫው ሽቅብ በተነሣ ጊዜ አየሩ ከታችኛው ከንፈር ላይ ተላቅቆ የመግቢያውን ግርጌ ሥራ ያስፈታዋል። የውስጡን ከንፈር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ስጡት።

ትንሽ መግቢያ የሚመርጥ ሰው አየሩ ከገባ በኋላ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ቀስ እያለ የሚሰፋ ቱቦ ሊሠራለት ይገባል። የቱቦው አጠቃላይ የመስፋት ማዕዘን ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ካለፈ አየሩ ከግድግዳው ይላቀቅና ፍጥነቱ ወደ ግፊት በመለወጥ ፋንታ ሽክርክሪት ሆኖ ይባክናል። በመግቢያውና በመጀመሪያው ሲሊንደር መካከል ያለው ርቀት አጭር በመሆኑ ብዙ ጊዜ ለዚህ ቦታ አይገኝም፤ ቦታ ከሌለ መግቢያውን ማጥበብ ለውጩ ውበት እንጂ ለአውሮፕላኑ አይጠቅምም።

የመግቢያው አቀማመጥም ይታሰብበት። የብዙ ፕሮፔለሮች ሥር ክብ ወይም ወፍራም ስለሆነ አየርን ከመግፋት ይልቅ ይረብሻል፤ መግቢያዎቹ ወደ ስፒነሩ (በፕሮፔለሩ መካከል ወዳለው ሾጣጣ ሽፋን) በጣም ከተጠጉ የሚቀበሉት ይህን የተረበሸ አየር ነው። ወደ ውጭ ጥቂት ማራቅ የተሻለ ግፊት ይሰጣል። በስፒነሩና በሽፋኑ መካከል ያለው ክፍተት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ለሞተሩ እንቅስቃሴ ይበቃል፤ ከስፒነሩ በስተኋላ ያለውን ክፍል ግን ከላይኛው የግፊት ክፍል በሚገባ ለዩት፣ አለበለዚያ የተጠራቀመው አየር በዚያ በኩል ወደ ፊት ያመልጣል።

የዘይት ማቀዝቀዣው ከላይኛው ክፍል አየር የሚወስድ ከሆነ በቀጥታ ላሜራው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ አጭር ቱቦ ይሰጠው፤ ከፊቱም አየሩ በሙሉ ገጹ ላይ እንዲዳረስ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተውለት። ከሲሊንደር ጀርባ ተጠግቶ የተገጠመ ማቀዝቀዣ የሞቀ አየር ስለሚቀበል ትልቅ ቢሆንም አይሠራም።

ሽፋኑን ስለ መሥራት

የቅርጹ ፎርማ ሞተሩና ስፒነሩ በቦታቸው እንዳሉ በፎም ተገንብቶ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ከተስተካከለ በኋላ በፋይበርግላስና በኢፖክሲ ይሸፈናል። ሽፋኑ ከሞተሩ አካላት ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጭስ ቱቦዎች ደግሞ ከዚህ በእጅጉ መራቅ አለበት። ከቱቦዎቹ ትይዩ ያለው የውስጥ ገጽ በሙቀት መላሽ የአልሙኒየም ሽፋን ይለበድ፤ ተራ ኢፖክሲ ከፍተኛ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ቅርጹንም ይለቃል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በጣም የሚጎዳው የላይኛው ሽፋን ነው። በእሳት መከላከያው ግድግዳ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቀዳዳ እሳት በሚቋቋም ማሸጊያ ይደፈን፤ ለባፍል የሚያገለግለው ሲሊኮን ለዚህ አይሆንም።

መለካት

ማንኛውንም ነገር ከመቁረጥ በፊት ለያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ሙቀት መለኪያ ይኑር፤ አራቱም መለኪያዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ካንዴላ ሥር የሚታሰረው ቀለበትና ቴስታታው ውስጥ የሚገባው መለኪያ አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡምና። ላይካሚንግ ለነዚህ ሞተሮች የሚፈቅደው ከፍተኛው የቴስታታ ሙቀት 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለሞተሩ ዕድሜ ግን በማያቋርጥ በረራ ከ224 በታች፣ በጉዞ ላይ ደግሞ ወደ 200 ወይም ከዚያ በታች ማድረግ ይመረጣል። ዘይቱ ከ118 ዲግሪ ማለፍ የለበትም፤ ነገር ግን በውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ እንዲተን ቢያንስ ወደ 82 ዲግሪ መድረስ አለበት። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተለመደው በላይ ስለሚሞቅ፣ ሙቀቱ እስኪረጋጋ ድረስ ሽፋኑን ለመቀየር አትቸኩሉ፤ ገደቡን ግን በማንኛውም ጊዜ አክብሩ።

ሙቀቱ ችግር መኖሩን ይናገራል፣ የት እንዳለ የሚናገረው ግን ግፊቱ ነው። ጫፋቸው የተደፈነና በጎናቸው ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱን በላይኛው፣ ሌላውን በታችኛው ክፍል ግጠሙ፤ ወደ መቀመጫው ክፍል አምጥታችሁ ከትርፍ የፍጥነት መለኪያ ጋር አገናኙአቸው፤ የላይኛው በፒቶት (ከፊት የሚመጣውን አየር ግፊት በሚቀበለው)፣ የታችኛው በስታቲክ (የዙሪያውን አየር ግፊት በሚቀበለው) በኩል ይግባ። መለኪያው 90 ኖት ካሳየ የግፊቱ ልዩነት ወደ 13.4 ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው። ከዚያ የላይኛውን ክፍል ብቻ ከአውሮፕላኑ ስታቲክ ጋር አነጻጽሩ። በላይ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ከሆነ ጉድለቱ በመግቢያው ወይም በማሸጊያው ነው። በላይ ያለው ጥሩ ሆኖ ልዩነቱ ግን ትንሽ ከሆነ ታችኛው ክፍል ታፍኗል፤ መውጫው ይስፋ ወይም ይስተካከል። ልዩነቱ በቂ ሆኖ አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሞቀ በዚያ ሲሊንደር ዙሪያ ያለውን መከለያ ፈትሹ፤ ነዳጁም በእኩል መዳረሱን በጭሱ ሙቀት አረጋግጡ።

በያንዳንዱ በረራ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ የውጩን አየር ሙቀትም መዝግቡ። የተለያዩ ቀናትን ውጤት ለማነጻጸር የቴስታታውንና የዘይቱን ሙቀት ወደ ሞቃት ቀን መለወጥ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ የአውሮፕላን ማረጋገጫ ደንብ ይህ ቀን በባሕር ወለል 38 ዲግሪ ነው፣ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል። በ5,000 ጫማ ላይ የውጩ አየር 13 ዲግሪ ሳለ ቴስታታው 205 ካሳየ፣ በዚያ ከፍታ ሞቃቱ ቀን 28 ስለሆነ ልዩነቱ 15 ነው፤ የተስተካከለው ውጤት 220 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ቁጥር በረጅም ሽቅብ በረራ መጨረሻ ላይ ተለክቶ ከገደቡ በታች ከሆነ መውጫውን በጊዜያዊ ላሜራ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ካሬ እያጠበባችሁ በጉዞ በረራ የሚገኘውን ፍጥነት መዝግቡ፤ የተስተካከለው ሙቀት ለራሳችሁ ወደ ወሰናችሁት ገደብ ሲደርስ ማጥበቡን አቁማችሁ ያንን ስፋት በቋሚ ፋይበርግላስ ሥሩት።